ጋሪህን ተረክበናል

ስለ «ሌ ሚዜራብል» የሚያወራ ሰው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። በአማርኛ «መከረኞቹ» ተብሎ የምናውቀው የቪክቶር ሁጎ ልብ ወለድ ነው። ስሙ ሲነሳ ትዝ የሚለን መከራው ብቻ ነው፤ ዳቦ ሰርቆ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የታሰረው ዣን ቫልዣን፣ ፀጉሯን ቀጥሎም የፊት ጥርሶቿን የሸጠችው ፋንቲን፣ ትልቅ ባልዲ በጨለማ የምትጎትተው ኮዜት። እኔም ካምፓስ እያለሁ ለተማሪ ተብሎ ያጠረውን የእንግሊዝኛ ቅጂ ያነበብኩት እያለቀስኩ ነው። ዶርማችን ውስጥ ከአልጋ አልጋ እየዞረ ሁላችንንም አስለቅሶናል።

ዘንድሮ ሙሉውን አነበብኩት። ልንገራችሁ፣ ያስቃል። በመሥሪያ ቤት ሰርቪስ ላይ አፌን በሻርፕ ይዤ የሳቅኩበት ጊዜ አለ። አጠገቤ የሚቀመጡት የግዥ ክፍሉ ጋሼ «ቲክቶክ ነው እንዴ?» ብለው ስልኬን አጮልቀው አዩ። ከላይ እስከ ታች ጽሑፍ ብቻ ሲሆንባቸው በሐዘኔታ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

የገረመኝ ደግሞ ሳቁ የበዛበት ቦታ ነው። አብዮቱ ያለበት ክፍል ነው ከሁሉም የሚያስቀው።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ወር መዝጊያ ላይ ደረሰኝ ከመዝገብ ሳመሳክር ነው የምውለው። ስለዚህ ልብ ወለድ ሳነብም ዓይኔ ቁጥር ላይ ይቀራል። ሁጎ ደግሞ ለእኔ ዓይነቷ ሴት የተፈጠረ ደራሲ ነው። ገጸ ባሕርያቱ በሙሉ ቢል ይጽፋሉ፣ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ቅጣት ይከፍላሉ፣ በጀት ይሠራሉ።

መጽሐፉ ራሱ የሚጀምረው ዲኝ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚኖሩ ሽማግሌ ጳጳስ በጀት ነው ማለት ይቻላል። ቫልዣን እስኪመጣ ብዙ ገጽ መታገሥ ነው። ያጠረው ቅጂ ይህን ሁሉ ዘሎት ነበር፤ ምርጡን ቀልድም አብሮ ዘለለው። ጳጳስ ሚሪዬል በዓመት 15,000 ፍራንክ ደመወዝ አላቸው። 1,000 ብቻ ለራሳቸው አስቀርተው ቀሪውን ለድሃ ይመድባሉ። ሁጎም ሠንጠረዡን በመስመር በመስመር አስቀምጦታል። ከዚያ ጳጳሱ የሠረገላና የጉዞ አበል ይገባኛል ብለው ያመለክታሉ። 3,000 ፍራንክ ይፈቀድላቸዋል። ከተማው ይንጫጫል። አንድ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል፣ ካህን ሁሉ እንዲህ ስግብግብ ነው የሚል የንዴት ደብዳቤ ለሚኒስትሩ ይጽፋል። የቤት ሠራተኛቸው ማዳም ማግሉዋር ግን በስተመጨረሻ ለራሳቸው አሰቡ ብላ ደስ ይላታል። የዚያኑ ማታ ጳጳሱ ሌላ ሠንጠረዥ ጽፈው ለእህታቸው ያቀብላሉ። ርእሱ «የሠረገላና የጉዞ ወጪ» ይላል። ለሆስፒታል በሽተኞች የሥጋ መረቅ 1,500። ለአንዱ ከተማ የእናቶች በጎ አድራጎት 250፣ ለሌላው ከተማ 250። ለተጣሉ ሕፃናት 500፣ ለወላጅ አልባዎች 500። ድምር 3,000።

ደምሬዋለሁ፣ ልክ ነው። እኛ ቢሮ ቢሆን ኖሮ ከተፈቀደለት ርእስ ውጪ የወጣ ገንዘብ ብለን ኦዲተር እንጠራባቸው ነበር።

ከጳጳሱ ተቃራኒ የሆነው ሒሳብ የቴናርዲዬ ነው። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ነው፤ ኮዜትን እንደ ባሪያ የሚያሠራት እሱና ሚስቱ ናቸው። ቫልዣን አንድ ሌሊት አድሮ ሲነሳ ቢል ይቀርብለታል። እራት 3 ፍራንክ፣ ክፍል 10፣ ሻማ 5፣ እሳት 4፣ መስተንግዶ 1። ጠቅላላ 23። ስሌቱ እንከን የለውም። ሌብነቱ ያለው ነጠላ ዋጋው ላይ ነው። ይህን ዓይነት ቢል ያላየ የሒሳብ ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

አሁን ወደ አብዮቱ። ብዙ ሰው ይህ መጽሐፍ ስለ ባስቲዬ እስር ቤትና ስለ አንገት መቁረጫው ጊዮቲን ይመስለዋል። የ1789ኙ አብዮት እዚህ ውስጥ የሽማግሌዎች ትዝታ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ የሚፈነዳው እ.ኤ.አ. ሰኔ 5 እና 6 ቀን 1832 ፓሪስ ላይ የተነሣው አመፅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሐምሌ 1830 ሕዝቡ አንዱን ንጉሥ አባርሮ ሌላ ንጉሥ፣ ሉዊ ፊሊፕን፣ ተቀብሏል። ሪፐብሊክ የጠበቁት ወጣቶች ተበሳጭተዋል። በዚያ ላይ ኮሌራ ገባ። በሕዝብ የተወደደው ጄኔራል ላማርክ በኮሌራ ሞተ፤ ቀብሩ ቀን አመፁ ተነሣ። በማግስቱ ተደመሰሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሁጎ ያን ሁሉ ገጽ ያፈሰሰው ሁለት ቀን ለቆየና ለተሸነፈ አመፅ ነው።

ሁጎ ራሱም እዚያው ነበር። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ግርግሩን ቀረብ ብሎ ለማየት ወጥቶ ተኩስ መሃል ገባ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል በሱቆቹ መካከል ካሉ ግማሽ ዓምዶች ሥር ተለጥፎ ቆየ። መጽሐፉ ውስጥ በአንድ አንቀጽ ጣል አድርጎታል። የእኛ ደራሲ ቢሆን አንድ ምዕራፍ ይሠራበት ነበር እላለሁ፣ ግን ሁጎም ለሌላው ነገር ሁሉ ምዕራፍ የሚሰጥ ሰው ነው። ለራሱ ፍርሃት ሲሆን ብቻ ቆጠበ።

ወጣቶቹን ላስተዋውቃችሁ። ተማሪዎች ናቸው በብዛት። መሪያቸው አንዦልራስ ነው፤ መልኩ የመልአክ፣ ቀልድ የማያውቅ። ኩርፌራክ ጨዋታ አዋቂው ነው። ዦሊ ሕክምና ይማራል፤ ተምሮ ያተረፈው ግን ራሱ በሽተኛ መሆንን ነው። በመስታወት ምላሱን ሲያይ ይውላል። የምድር ማግኔት ደሙን እንዳያውክበት ብሎ አልጋውን ከደቡብ ወደ ሰሜን አዙሯል። ባሆሬል ሕግ ትምህርት ቤት ከገባ ዓመታት አልፈውታል፤ ጠበቃ ላለመሆን ምሏል። ግራንቴር ሰካራም ነው። በምንም ነገር አያምንም፤ በአንዦልራስ ብቻ ያምናል። አንዦልራስ ደግሞ ዓይኑን ማየት አይወድም።

የእኔ ሰው ግን ቦሱዌ ነው። ትክክለኛ ስሙ ሌግል ነው። በሃያ አምስት ዓመቱ መላጣ ነው። አባቱ ያወረሰውን ቤትና መሬት በሞኝ ንግድ አጥቷል። የያዘው ሁሉ ይበላሻል፣ እሱ ግን ይስቃል። የምኖረው ሸክላ የሚረግፍበት ጣራ ሥር ነው ይላል። ማሪዩስ ከሚባለው ዋና ገጸ ባሕርይ ጋር የሚተዋወቁበትን ምክንያት ስሙልኝ። ፕሮፌሰሩ ስም ይጠራል። «ማሪዩስ ፖንመርሲ!» ይላል። ዝም። ደግሞ ይጠራል። ዝም። ፕሮፌሰሩ ሊሰርዘው ብዕሩን ያነሣል። ቦሱዌ ማሪዩስን አያውቀውም። ግን አሳዘነውና «አቤት!» አለ። ከዚያ ተንኮለኛው ፕሮፌሰር ወደ ኋላ ተመልሶ የቦሱዌን ስም ጠራ። «ሌግል!» «አቤት!» «ፖንመርሲ ከሆንክ ሌግል አይደለህም» ብሎ እሱን ሰረዘው።

በፊርማ አቴንዳንስ ለጓደኛው ያልፈረመ የካምፓስ ተማሪ ካለ ይህን ታሪክ አይረዳውም። ሌሎቻችን ግን እናውቃለን። ለማያውቁት ሰው ሲሉ ስማቸውን የሚያሰርዙ ልጆች ናቸው ኋላ ባሪኬድ ላይ፣ መንገድ ለመዝጋት በተቆለለ ምሽግ ላይ፣ የሚሞቱት፤ ሁጎ ይህን የሚነግረን እያሳቀ ነው።

ሰኔ 5 ጧት። የጄኔራሉ ቀብር ቀን። ቦሱዌ፣ ዦሊና ግራንቴር «ኮራንት» የሚባል መጠጥ ቤት ፎቅ ላይ ቁርስ እየበሉ ነው። አይብ አለ፣ ወይን አለ። አንድ የጎዳና ልጅ ከአንዦልራስ መልእክት ያመጣል፤ ወደ ቀብሩ ኑ ነው። ውጭ ዝናብ ነው። ዦሊ ጉንፋን ይዞታል። «እሳት ውስጥ ልገባ ምያለሁ፣ ውኃ ውስጥ ግን አልማልኩም» ይላል። ቦሱዌም ይደግፈዋል፤ ቀብሩ ቢያመልጠን አመፁ አያመልጠንም ብለው ይስማማሉ። እናም ይጠጣሉ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው በባዶ ጠርሙስ ተሞልቷል።

ያኔ ከታች በመንገዱ ጩኸት ይመጣል። ቦሱዌ በመስኮት ብቅ ሲል ጓደኞቹ ናቸው። አንዱ ጠመንጃ፣ አንዱ ጎራዴ፣ አንዱ ሽጉጥ ይዞ ከኋላቸው ሕዝብ ይከተላል። እጁን እንደ መለከት አድርጎ ይጣራል።

«ኩርፌራክ! የት ነው የምትሄዱት?»

«ባሪኬድ ልንሠራ።»

«ታዲያ እዚሁ ሥሩት! ቦታው ጥሩ ነው።»

«እውነትህን ነው» አለ ኩርፌራክ። ሕዝቡ ታጥፎ ወደ መጠጥ ቤቱ ጎራ አለ።

እዚህ ጋ ነው ሻርፑን አፌ ላይ የያዝኩት። በዓለም ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ስሙ የገነነው ባሪኬድ፣ ስንት ቲያትርና ፊልም የተሠራለት፣ ቦታው የተመረጠው ሦስት ጓደኛሞች ከወይን ጠረጴዛ መነሣት ስላልፈለጉ ነው። ፊልሞቹ ይህን አያሳዩም። ባንዲራውንና ዘፈኑን ያሳያሉ። ሁጎ ግን ታሪክን ከውስጡ ያየ ሰው ስለሆነ ትልቅ ነገር እንዴት እንደሚጀመር ያውቃል።

ከዚያ የመጠጥ ቤቱ ባለቤት እማማ ኡሽሉ አሉ። መበለት ናቸው። ልጆቹ በርሜላቸውን ያንከባልላሉ፣ ጠረጴዛቸውን ያወጣሉ፣ የመንገዱን ድንጋይ ይነቅላሉ። ሴትዮዋ ያለቅሳሉ። ኩርፌራክ ሊያጽናናቸው ይሞክራል፤ ባለፈው ሠራተኛዎ የአልጋ ልብስ በመስኮት አራገፈች ብለው ደንብ አስከባሪዎች ቀጡኝ ሲሉ አልነበረም? ይላቸዋል። እሳቸውም፣ አዎን ልጄ፣ ይህንንም ጠረጴዛ ልትወስዱት ነው እንዴ? ደግሞም ለአልጋ ልብሱና ከጣራ ቤት መስኮት መንገድ ላይ ለወደቀው የአበባ ማሰሮ መንግሥት 100 ፍራንክ አስከፍሎኛል፣ ይህ ግፍ አይደለም? ይላሉ።

«ታዲያ እማማ፣ እኛ እኮ የእርስዎን ደም እየመለስን ነው።»

ሴትዮዋ ይህ ካሣ ምን እንደሚጠቅማቸው የገባቸው አይመስልም ይላል ሁጎ።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። ሁጎ ስለ አብዮት በትልልቅ ቃል ሲያስረዳ ገጽ በገጽ ላይ ይቆልላል፤ አመፅና አብዮት ልዩነታቸው፣ መብት ምንድን ነው፣ ንጉሡ ክፉ ነው ወይስ ደግ። ከአንገት በላይ አነበብኩት፣ አልዋሽም። በ100 ፍራንክ ቅጣት ግን ሁሉም ነገር ገባኝ። ሰው መንግሥትን የሚያገኘው በአልጋ ልብስና በአበባ ማሰሮ በኩል ነው። በመስኮት ቁልቁል በመጣ ደንብ፣ ይግባኝ በሌለው ደረሰኝ። ያንን ቅጣት የከፈለችው ሴት ደግሞ አብዮቱ ሲመጣ ጠረጴዛዋን የሚወስድባት ሌላ ሰው ይሆናል። ሁለቱንም ነገር በአንድ ቀልድ ውስጥ አስቀመጠው። ሐዘን ቢያደርገው ኖሮ አንዱን ብቻ ነበር የሚናገረው።

ይህን ለአክስቴ ነገርኳት። በ1966 የተማሪ ዕድሜ ላይ የነበረች ሰው ናት። ስለዚያ ዘመን ስጠይቃት ሁልጊዜ ዝም ትላለች፤ ሐዘኑ ብዙ ነው። የእማማ ኡሽሉን ነገር ስነግራት ግን ሳቀች። «የውይይት ክበብ ላይ የምንስቀው በነጠላችን ተሸፍነን ነበር» አለችኝ። «ሰብሳቢው ስለ ጭቆና ሲያብራራ ሁለት ሰዓት ይቆማል። ከኋላ የተቀመጡት ሴትዮ ‹ልጄ፣ እግራችንን አትጨቁነው› ብለው አረፉ።» ከዚያ ሌላም ሌላም ነገረችኝ። ከዚህ በፊት ስለዚያ ዘመን እንዲህ አውርታኝ አታውቅም።

ወደ ፓሪስ ልመለስ። ጋቭሮሽ ቀርቷል።

ጋቭሮሽ የጎዳና ልጅ ነው። ባስቲዬ አደባባይ ላይ በናፖሊዮን ዘመን የተጀመረ የዝሆን ሐውልት ነበር፤ ግዙፍ፣ በጂፕሰም ብቻ የቀረ፣ የሚፈራርስ። እውነተኛ ነው፣ እስከ 1846 ቆሞ ነበር። ጋቭሮሽ ሆዱ ውስጥ ነው የሚያድረው። ሁለት የተጣሉ ሕፃናት አግኝቶ ወደ ቤቱ፣ ማለት ወደ ዝሆኑ፣ ይወስዳቸዋል። ሌሊት ኮሽታ ሲሰሙ ይፈራሉ። አይጦች ናቸው ይላቸዋል። ለምን ድመት አታመጣም? ይሉታል። «አምጥቼ ነበር፣ በሏት።» ሕፃናቱ ወንድሞቹ መሆናቸውን አያውቅም። እኛ እናውቃለን። እዚህ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ባሪኬዱ ሲሠራ ጋቭሮሽ ደብዳቤ አድርስ ተብሎ ይላካል። ሲመለስ የእጅ ጋሪ ያያል። ባለ ጋሪው ኦቬርኝ ከሚባል የፈረንሳይ ክፍለ ሀገር የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሰክሮ ጋሪው ላይ ተኝቷል። ጋቭሮሽ በእግሩ ጎትቶ ቀስ አድርጎ መሬት ላይ ያስተኛዋል። ጋሪው ለባሪኬድ ያስፈልጋል። ግን ዝም ብሎ አይወስድም። ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ ይጽፋል፦ «የፈረንሳይ ሪፐብሊክ። ጋሪህን ተረክበናል።» ጋቭሮሽ ብሎ ይፈርማል። ደረሰኙን ለሚያንኮራፋው ሰውዬ ኪስ ውስጥ ይከታል።

ሪፐብሊክ የለም። በዚያ ሰዓት በፈረንሳይ ንጉሥ ነው ያለው። በአገሪቱ ሙሉ የሪፐብሊኩን ሥራ በሕጋዊ ሰነድ የሚሠራ አንድ የጎዳና ልጅ ብቻ ነው። ርክክቡ ደግሞ የተሟላ ነው፤ ተረካቢ አለ፣ ንብረቱ ተጠቅሷል፣ ፊርማ አለ። ቀን ብቻ ይጎድለዋል። የእኛ ንብረት ክፍል ከዚህ የባሰ ሰነድ ተቀብሎ ያውቃል።

ጋቭሮሽ ጋሪውን እያንኳኳ ሲሮጥ የዘብ ኬላ ይቀሰቀሳል። ሳጅኑ ቁም ሲለው ጋሪውን ሆዱ ላይ ለቆበት ይሮጣል። ወታደሮቹ በጨለማ ተኩሰው የመስኮት መስታወት ይሰብራሉ። የድሉን ውጤት ሁጎ እንዲህ ይዘግበዋል። ጋሪው ተማረከ፣ ሰካራሙ ታሰረ። ጋሪው እስረኛ ሆኖ ግቢ ገባ። ሰካራሙ ደግሞ ኋላ ላይ የአመፀኞች ተባባሪ ነህ ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት «ትንሽ» ተከሰሰ። ትንሽ! ሰውዬው እኮ ተኝቶ ነበር። ግን አስቡት፣ ኪሱ ውስጥ ምን አለ? የሪፐብሊኩ ደረሰኝ።

በማግስቱ ጋቭሮሽ ጥይት ሲለቅም እየዘፈነ ሞተ። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አልዘረዝረውም።

ስለ አባ ማቤፍ ግን ልናገር፣ ምክንያቱም በአጭሩ ቅጂ ውስጥ ጥላ ብቻ ነበሩ። ሰማንያ የሚጠጉ ሰውዬ ናቸው። ፖለቲካ አይገባቸውም። የሚወዱት ዕፀዋትና መጽሐፍ ነው። ድህነት ሲበረታ መጻሕፍታቸውን አንድ በአንድ ይሸጣሉ። የመጨረሻውን የሸጡ ጊዜ ከቤት ወጥተው ሰልፉ መሃል ይገኛሉ። ኩርፌራክ ያውቃቸዋልና ይደነግጣል።

«ጌታዬ፣ ወደ ቤትዎ ይግቡ። ረብሻ ሊነሣ ነው።»

«ደግ።»

«ጎራዴ ይመዘዛል፣ ጠመንጃ ይተኮሳል።»

«ደግ።»

«መድፍም አለ።»

«ደግ። እናንተስ ወዴት ናችሁ?»

«መንግሥት ልንገለብጥ።»

«ደግ።»

ይኸው ንግግር ነው። የቴአትር ቀልድ ነው። ሃምሳ ገጽ ሳይሞላ ሽማግሌው ማንም ያልደፈረውን ባንዲራ ይዘው ባሪኬዱ ላይ ወጡ፤ በጥይት ወደቁ። ሕዝቡ የድሮው አብዮት ታጋይ መስለውታል፣ ንጉሥ ላይ የፈረዱ። ኩርፌራክ ለአንዦልራስ ብቻ በጆሮው፣ እኔ አውቃቸዋለሁ፣ የዋህ ሽማግሌ ነበሩ ይለዋል። መጻሕፍታቸውን ማን እንደገዛቸው ማንም አልጠየቀም። እኔ ግን ዝርዝሩን ይዤ ነበር።

ግራንቴርም አለ። አንዦልራስ፣ ስካርህን ሌላ ቦታ ሄደህ ተኛ ብሎት ነበር። እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ሙሉው ጦርነት፣ መድፉም ጩኸቱም፣ አልቀሰቀሰውም። ሁሉም አልቆ ጸጥ ሲል ነው የነቃው። አንዦልራስ ብቻውን ግድግዳ ላይ ቆሞ ወታደሮች ሊተኩሱበት ነው። ግራንቴር ዓይኑን አሻሸ፣ ተነሣ፣ ሄዶ አጠገቡ ቆመ። «ትፈቅድልኛለህ?» አለው። አንዦልራስ ፈገግ ብሎ እጁን ጨበጠው። በዚያ ወፍራም መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሰው ከልቡ ፈገግ ሲል ያየሁት እዚህ ነው።

መጽሐፉን ሳመሰግን ሁሉንም አይደለም። የማሪዩስና የኮዜት ፍቅር ያንቀላፋል። እሱንም ቢሆን የሚያድነው ቀልዱ ነው። ማሪዩስ በመናፈሻው ወንበር ላይ መሐረብ ያገኛል፤ የእሷ ነው ብሎ ይስመዋል፣ ልቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የሽማግሌው የቫልዣን መሐረብ ነው። ኩርፌራክም አንድ ቀን በመንገድ አይቶት ለጓደኞቹ፣ የማሪዩስን አዲስ ባርኔጣና አዲስ ኮት አገኘሁ፣ ማሪዩስም ውስጡ ነበር ይላቸዋል። ስለ ፓሪስ የቆሻሻ ቦይ ያለው ክፍልም አለ። ቫልዣን የቆሰለውን ማሪዩስ ተሸክሞ ቦዩ ውስጥ ገብቷል፣ ልባችን ተንጠልጥሏል፣ ሁጎ ግን ቆም ብሎ ፓሪስ በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ፍራንክ የሚያወጣ ማዳበሪያ ወደ ባሕር ትደፋለች ብሎ ሒሳብ ይሠራል። የሚዘሉት ብዙዎች ናቸው። እኔ አልዘለልኩትም፤ የኪሳራ ሪፖርት እስካሁን እንዲህ በስሜት ተጽፎ አላየሁም።

አብዮቱ ተሸንፎ ካለቀ በኋላ ደግሞ ሁጎ አንድ የመጨረሻ ቀልድ አስቀምጧል። ለእኔ የመጽሐፉ ምርጡ ነው። የማሪዩስ አያት ሙሴ ዢልኖርማን ዕድሜያቸው ከዘጠና በላይ ነው፤ ንጉሣዊ ናቸው፣ አብዮት የሚለውን ቃል መስማት አይችሉም። የቤት ሠራተኛ ሲቀጥሩ ስሟን ይቀይራሉ። አንዷ በወር 30 ፍራንክ እፈልጋለሁ፣ ስሜ ኦሊምፒ ነው ስትላቸው «50 እከፍልሻለሁ፣ ስምሽ ግን ኒኮሌት ነው» ያሏት እሳቸው ናቸው። ከልጅ ልጃቸው ጋር በፖለቲካ ተጣልተው ለዓመታት ተለያይተዋል። አሁን ማሪዩስ ከባሪኬድ ተርፎ ቤታቸው ተኝቷል። እንዳያስቀይሙት ይፈራሉ። ሲጫወቱ ሳያስቡት ገጣሚው አንድሬ ሼኒዬን ያነሡና፣ ያ በ1793ቱ ሰዎች የታረደው ይላሉ። የማሪዩስ ግንባር የተቋጠረ ይመስላቸዋል። ልጁ እኮ አልሰማቸውም፣ ስለ ኮዜት እያለመ ነው። ሽማግሌው ግን ተደናግጠው ማረም ይጀምራሉ። ታረደ ማለቴ አይደለም፣ እነዚያ ታላላቅ አብዮተኞች ክፉ ሰዎች አልነበሩም፣ ሼኒዬ ትንሽ አስቸገራቸውና አንገቱን አስቆ... ማለቴ፣ ለሕዝብ ደኅንነት ሲባል እባክህን እንዲህ ብትሆንልን ብለው በትሕትና...

አልቻሉም። ጎርሰው መዋጥ አቃታቸው። ዕድሜያቸው በፈቀደው ፍጥነት ከክፍሉ ወጡ፣ በሩን ዘጉ፣ ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀልቷል። በአሳላፊው ክፍል ባስክ የተባለው አሽከራቸው ጫማ እየጠረገ ነው። አንገትጌውን ያዙና ፊቱ ላይ ጮኹበት።

«እነዚያ ወንበዴዎች ገደሉት እኮ!»

«ማንን፣ ጌታዬ?»

«አንድሬ ሼኒዬን!»

«አዎ፣ ጌታዬ» አለ ባስክ፣ ብሩሹን እንደያዘ።